ብየዳ የማይመታው ሰው

ሰውየው ወላጆቹ ያወጡለት ስም አለው፤ ነገር ግን በዚያ ስም የምትጠራው ባለቤቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ ነው። ለሌላው ሁሉ ጋሽ ጭምብል ነው። ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፣ ያወጡትም በክፋት አይደለም። ብየዳ ቤቱ ውስጥ ኤሌክትሮዱ ብረቱን ከመንካቱ በፊት የሰውየው ጭምብል ፊቱ ላይ ነው፤ ለረጅም የብረት ስፌት ብቻ ሳይሆን ለአንዲት ነጥብም ቢሆን። «ለነጥብ ጭምብል ምን ያደርጋል?» ያለ ሠራተኛ የዚያን ዕለት ብረት አይነካም፤ መጥረጊያ ይዞ ሲጠርግ ይውላል።

የብየዳ ብርሃን ተንኮለኛ ነው። በባዶ ዓይኑ ያየው ሰው ወዲያው ምንም አይሰማውም፤ ስቆ ተጫውቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጉዱ የሚፈላው አመሻሹ ላይ ነው። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ያህል ይቆረቁረዋል፣ እንባው ይወርዳል፣ መብራት ጠላቱ ይሆናል። በያጆች ይህን «ብየዳ መታው» ይሉታል። መድኃኒቱንም እኛ እናውቃለን ባዮች ናቸው፤ ጥሬ ድንች በስሱ ቆርጦ የተጨፈነ ዓይን ላይ መለጠፍ። ድንቹ ያድን አያድን እንጃ፣ ቅዝቃዜው ግን አይጠላም።

ጋሽ ጭምብልን ብየዳ መትቶት አያውቅም። ይህን ለመናገር ሰው እስኪጠይቀው አይጠብቅም። በር ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ስለ በሩ ከመስማቱ በፊት ስለዚህ ይሰማል። «ብየዳ የሚመታው ሰነፍን ነው» ይላል፤ «እዚህ ቤት ዓይኑ የሚመታ የለም።» ከሠራተኞቹ አንዱ ዓይኑ ቀልቶ የመጣ እንደሆነ አይሰድበውም፣ አይቆጣውም፤ «ድንች» ብሎ ይጠራዋል። «ድንች፣ መዶሻውን አቀብለኝ። ድንች፣ ሻይ ጠጣህ?» ይህ ወሩን ሙሉ ይቀጥላል። መሰደብ በስንት ጣዕሙ! እንዲህ ሲል ሲል ዓይኑ ቀልቶ የሚመጣ ሠራተኛ ጠፋ። ጋሽ ጭምብልም ይህን የማስተማሩ ፍሬ ነው ብሎ ያዘው።

ኩራቱ ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ሥራውን ያስተማረው ሽማግሌ የሚበይደው በተሰነጠቀ ጥቁር መነጽር ነበር። «ዓይን እንደ ቆዳ ነው፤ ይለምዳል» ይል ነበር ሽማግሌው። ዓይኑ አልለመደለትም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ «ቀጥ ብሏል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሆነ። ያኔ ጎረምሳ የነበረው ተማሪው «ቀጥ ብሏል» ይለዋል። ስፌቱ ግን ቀጥ አላለም። ሽማግሌው ብረት ለመጨረሻ ጊዜ ካስቀመጠ በኋላ ተማሪው ከላሜራ ቆርጦ ለራሱ ጭምብል ሠራ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ባለቤቱ ናት፤ የተጋቡ ሰሞን አንድ ጊዜ ነግሯታል፣ ደግሞ አልነገራትም።

ባለቤቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ በቤታቸው የፊት ክፍል መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ከጎኑ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ በጨርቅ። መጋረጃ ስትሠራ ጨርቁን መሃል ለመሃል አጥፋ፣ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክላ፣ እጥፉን በጥፍሯ ትጫነዋለች። ያቺ በጥፍር የተሠመረች መስመር ለእሷ ከማስመሪያ ትበልጣለች። ደንበኞቿ በተቀመጡበት ወሬ አይቋረጥም፤ ወሬውም ዞሮ ዞሮ ባሏ ላይ ያርፋል። «የኔ ባል ብየዳ መትቶት አያውቅም» ትላለች ክር በጥርሷ እየበጠሰች። እሱ ሲለው ፉከራ ይመስላል፤ እሷ ስትለው ግን ሰው ያምናል። ትኮራበት ነበር። ሌሎች ሴቶች በባሎቻቸው ቁመት ወይም ደመወዝ ይኮሩ እንደሆን አላውቅም፤ እሷ የኮራችው በባሏ ዓይን ነው።

ነገሩ የጀመረው በማበጠሪያ ነው። አንድ ማለዳ ጋሽ ጭምብል የቀረችውን ፀጉሩን ሲያበጥር «ኡህ!» ብሎ እጁን ሰበሰበ። በቀኝ በኩል ያለው የራስ ቆዳው ሲነካ ያቃጥላል።

«ይሄ ማበጠሪያሽ ምን ሆኗል?»

«ማበጠሪያውማ ደህና ነው» አለች፤ «የሚበጠረው ነው እያለቀ ያለው።»

ሳቁ፤ ሄደ። በማግስቱ ግን ቀኝ ዓይኑ ቀላ። ብርሃን ሲያይ እንባው ዱብ ዱብ ይላል፣ ግንባሩ እንደ መርፌ ይወጋዋል። ጋሽ ጭምብል መስታወት ፊት ቆሞ ዓይኑን አየና ክው አለ። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ያዘኝ?» ይል ነበር። በያጅ ግን ቀይ ዓይን ሲያይ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው። ብየዳ መታኝ፣ አለ በልቡ። መቼ? የትኛው ነጥብ ላይ? ጭምብሉን ሳይደፋ የነካው ብረት ትዝ አይለውም። ቢሆንም ከዚያ ሌላ አላሰበም።

ሕመሙ አይደለም ያስጨነቀው። ያስጨነቀው ከበር ጀምሮ የሚጠብቀው «ድንች» የሚለው ስም ነበር።

ስለዚህ ምን አደረገ? ብየዳ ቤት ገባና ጭምብሉን ደፋ፤ ደፍቶት ዋለ። ሲለካ ደፍቶ፣ ሲያዝዝ ደፍቶ፣ ሻይ ሲመጣም ብርጭቆውን በጭምብሉ ሥር አሾልኮ ጠጣ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ቁመቱ ከበሩ መቃን ጋር ሁልጊዜ የሚያጣላው፣ ረጅሙ የሚሉት፣ «ጋሼ ዛሬ ስማቸውን ሊያስመርቁ ነው መሰል» አለ በሹክሹክታ። ሌሎቹ ሳቃቸውን በመዶሻ ድምፅ ደበቁት።

ቤት ሲመጣ ደግሞ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ጎትቶ፣ ጀርባውን ለአምፖሉ ሰጥቶ ተቀመጠ። «አቧራ ገብቶብኝ ነው» አለ ሳይጠየቅ። ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ነገር እንዳለው ባለቤቱ ታውቃለች።

ድንቹ ነው ያሳበቀበት። መጀመሪያ ከዘንቢሉ አንድ ድንች ጎደለ። ቀጥሎ ሌላ። እሷ ድንች የምትቆጥር ሴት አይደለችም፤ የሥራ ካፖርቱን ልታጥብ ኪሱን ስትገለብጥ ግን በመሐረብ የተጠቀለሉ ስስ የድንች ቁራጮች ወጡ፣ ጠቁረው፣ ተጨማደው። እጇ ላይ ይዛቸው ቆመች። ገባት። ብየዳ መትቶታል።

እውነቱን እንናገር ካልን መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን አልነበረም፤ ሐፍረት ነበር። ስንት ሰው ፊት ተናግራዋለች! ስንት ክር በጥሳበታለች! ሐፍረቷ ትንሽ በረድ ሲልላት ደግሞ አሳዘናት፤ ይህ ትልቅ ሰው ከገዛ ቤቱ ድንች ሰርቆ በኪሱ ይዞ ሲዞር ታያት። እሷም ደበቀችለት። የሆድን በሆድ ይዛ፣ አንድ ድንች ልጣ፣ በስሱ ቆርጣ፣ የረሳችው አስመስላ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተወችው። ሲነጋ ሳህኑ ባዶ ነበር። ሁለቱም ስለ ድንቹ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እነሱም ሰምተዋል፤ ለሌላ ሰው የተባለ መስሏቸው ነው እንጂ።

በሚቀጥለው ማለዳ ቀደም ብላ ተነሳች። እሱ በጀርባው ተኝቷል፤ ባርኔጣም ጭምብልም የለበትም። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው፤ አፏን በእጇ ያዘች።

ቀኝ ግንባሩ ከፀጉሩ ጀምሮ ቀልቶ፣ ውሃ በቋጠሩ ጥቃቅን ነገሮች ተሞልቷል። የዓይኑ ቆብ አብጦ ተደፍኗል። አፍንጫው ጫፍ ላይም፣ በዚያው በቀኝ በኩል፣ አንዲት ውሃ የቋጠረች ነገር ወጥታለች። ግራ ፊቱ ግን ጤነኛ ነው፤ ትናንት የተላጨ፣ የሰላም ሰው ፊት። ሁለቱ የሚለያዩት ግንባሩ መሃል ላይ ነው። መስመሩን አወቀችው። አንድ ሰው ይህን ፊት እንደ መጋረጃ ጨርቅ መሃል ለመሃል አጥፎ፣ በጥፍሩ ተጭኖ፣ አንዱን ወገን ብቻ ቀለም የነከረው ይመስላል።

ብየዳ እንዲህ አይመታም፣ አለች በልቧ። ብርሃን መስመር አይጠብቅም፤ አንዱን ዓይን አይቶ ሌላውን አይምርም። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? አላወቀችም። የማታውቀው ነገር ባሏ ዓይን ላይ ተቀምጧል፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ፊቱን የምትጠርግበት ለብ ያለ ውሃ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ አልጋው ባዶ ነበር፤ ከበሩ ጀርባ የሚሰቀለው ጭምብልም የለም።

ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች። ብየዳ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጎማ ጠጋኙና በእንጨት መሸጫው መካከል ነው፤ ፊት ለፊቱ የቱቦላሬ ብረት ተደርድሯል፣ ግድግዳው ጥላሸት ለብሷል። እሷ እዚያ የምትመጣው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ስትገባ የብረት መቁረጫው ግራይንደር ጸጥ አለ።

ጋሽ ጭምብል አንድ የመስኮት ፍርግርግ ላይ አጎንብሷል፤ ጭምብሉን ደፍቷል።

«ጭምብሉን አንሳ» አለችው።

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ምን ሥራ? ማሽኑ እኮ ጠፍቷል።»

ረጅሙ ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው። ሰውየው ንቅንቅ አላለም። ያኔ በስሙ ጠራችው። ሠራተኞቹ ያንን ስም ሰምተውት አያውቁም፤ አዲስ ሰው የገባ መስሏቸው ወደ በሩ የዞሩም ነበሩ። አሁንም ሳያነሳው ሲቀር ቀረበችና ጭምብሉን በገዛ እጇ አነሳችው።

ማንም አልሳቀም። የአንዱ መዶሻ ከእጁ አመለጠ። ረጅሙ «ብየዳ…» ብሎ ጀመረ።

«ብየዳ አይደለም!» አለች ዞር ብላ፤ «ብየዳ ሁለቱንም ዓይን ነው የሚያገኘው። ይሄ አንዱን መርጦ ነው የመጣው። ና፣ ተነስ፤ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ፤ ሻርፕዋን ተከናንቧል። ብዙ ከሄዱ በኋላ «አዋረድሽኝ» አላት።

«አዎ» አለች። «ተከብረህ ከምትታወር ተዋርደህ ብታይ ይሻለኛል።»

ጤና ጣቢያ ያያቸው ሰው ግንባሩን አየ፣ የዓይኑን ቆብ አየ፤ አፍንጫው ጫፍ ላይ ያለችውን ነጠብጣብ ሲያይ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እዚህ ጋ ከወጣ ዓይን ውስጥ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው» አለ። «ነገ አይባልም። አሁኑኑ ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ፤ እኔ እደውልላቸዋለሁ።»

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ፣ እጇ የረጋ። አገጩን መሣሪያው ላይ አሳረፈችው፣ ዓይኑ ውስጥ ቢጫ ጠብታ ጨመረች፣ ከዚያም አንድ ቀጭን ብርሃን ወደ ብሌኑ ላከች። ዕድሜውን ሙሉ ብርሃን ሲሸሽ የኖረው ሰው ወንበሩን በሁለት እጁ ጨመደደ።

«እናንተ ደግሞ ያለ ጭምብል ነው የምትበይዱት» አለ ጥርሱን ነክሶ።

ዶክተሯ ሳቀች። «አይንቀሳቀሱ፣ አባቴ። መቼ ነው የጀመርዎት?»

«ትናንት።»

«ይዋሻል» አለች ባለቤቱ ከጥግ ሆና። «ከማበጠሪያው ቀን ጀምሮ ነው።» ከዚያም ስለ ማበጠሪያው፣ ስለ ባርኔጣው፣ ስለ ድንቹ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ የራሷን ድንች እንኳ አልደበቀችም። ዶክተሯ ሳታቋርጣት ሰማች።

«ይሄ ሰው አልማዝ ባለጭራ የሚለው በሽታ ነው» አለች መብራቱን ስታበራ። «በልጅነትዎ መላ ሰውነትዎ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቶብዎት ነበር?» በአዎንታ ራሱን ሲነቀንቅ ቀጠለች፤ «ቫይረሱ ያኔ ጠፋ ተባለ እንጂ አልሄደም፤ ነርቭ ሥር ተኝቶ ቆየ። ዕድሜ ሲገፋ፣ ሰውነት ሲደክም ይነሳል። የእርስዎ ወደ ዓይንና ወደ ግንባር በሚሄደው ነርቭ በኩል ነው የተነሳው። ለዚህ ነው መሃል ላይ የሚቆመው፤ ነርቩ ለአንድ ወገን ብቻ ነው።»

«እኮ ብየዳ አይደለም?»

«አይደለም።»

ጋሽ ጭምብል በደህናው ዓይኑ ወደ ባለቤቱ ዞረ። ፊቱ በራ። «ሰማሽ? ብየዳ አይደለም! ብየዳ አልመታኝም!» ቢችል ተነስቶ ይጨፍር ነበር።

«ብየዳ ቢሆን ይሻልዎት ነበር፣ አባቴ» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። «የብየዳ ቁስል ብዙ ጊዜ በቀን በሁለት ቀን ይድናል። ይሄ ግን ዓይን ይወስዳል። መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው፤ እርስዎ ጊዜውን በጭምብል ሥር አሳለፉት። ጨርሶ አልረፈደም። ግን ቃል ልገባልዎት አልችልም።»

ጋሽ ጭምብል ከዚያ ወዲያ ስለ ብየዳ አላነሳም።

የሚዋጥ ክኒን ሰጠችው፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ተሻለኝ ተብሎ የማይቋረጥ። ዓይኑ ውስጥ የሚገባ ቅባትም ሰጠችው። ከዚህ ውጭ ከጎረቤትም ሆነ ከመድኃኒት ቤት በግምት የተገኘ ጠብታ እንዳይነካው፣ ድንቹም ለወጥ ብቻ እንዲሆን አዘዘች። ቁስሉ እስኪደርቅ ነፍሰ ጡርና ሕፃን እንዳይጠጉት አስጠነቀቀች። ሲወጡ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆም አለችና «ለመሆኑ ይህቺ አልማዝ የት አገኘችህ?» አለችው። ሊስቅ ሞከረ፤ ግንባሩ አልፈቀደለትም።

መጋረጃ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ወደ በረንዳ አወጣች፤ ለሚወለደው ልጇ ክፍል መጋረጃ ያዘዘች አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረችና ቤት እንዳትገባ። ባሏ ብርሃን አልችል ስላለ ደግሞ ለመኝታ ክፍሉ መጋረጃ ሰፋች። ለአገሩ ሰው ሁሉ መጋረጃ ሰፍታ የራሷ መስኮት ላይ የተንጠለጠለው አሮጌ አንሶላ ነበር። ከባዱን ጥቁር ጨርቅ በድርብ አድርጋ፣ በጥድፊያ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሳ ሰቀለችው። ክፍሉ ጨለመ።

ሕመሙ ክፉ ነበር። ቁስሉ ሲደርቅ ይለቃል ብለው ጠብቀው ነበር፤ ቁስሉ ደረቀ፣ ሕመሙ ግን ቆየ። የትራስ ጨርቅ ሲነካው ይጮኻል፤ ነፋስ ሲነካው ይጮኻል። ብረት አንስቶ «እህ» የማይለው ሰው በትራስ ተሸነፈ። ዶክተሯ ለነርቩ ሌላ መድኃኒት ጨመረችለት፤ ባለቤቱም ክኒኑን በሰዓቱ፣ ቅባቱን በሰዓቱ፣ አንድ ሳታዛንፍ ሰጠችው። እንቢ ሲል በስሙ ትጠራዋለች። በዚያ ሰሞን ስሙን የጠራችው ከተጋቡ ወዲህ ከጠራችው ይበልጣል።

አንድ ቀን ምሳውን ይዛለት ስትገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በጨለማው ውስጥ እጁን ዘርግቶ የመጋረጃውን ጠርዝ ይዟል፤ ስፌቱን በጣቶቹ እየዳሰሰ ነው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለ።

«ቀጥ ብሏል ወይ?» አላት።

ሽማግሌው ትዝ አላት፤ አይታው የማታውቀው፣ ግን የምታውቀው ሽማግሌ። «ቀጥ ብሏል» ማለት ቀላል ነበር። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ራስህ ታየዋለህ» አለችው።

ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች፤ በረንዳው ላይ ከመኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ መርፌው ባዶውን እየሄደ አለቀሰች።

ቅባቱ እያለቀ ሲተካ፣ ቀጠሮው ሲደርስ ሲያልፍ፣ እብጠቱ ጎደለ። ዓይኑ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የሚያየው ጉም ብቻ ነበር፣ ከዚያ ጉሙ ሳሳ። በመጨረሻው ቀጠሮ ዶክተሯ ግራ ዓይኑን ሸፈነችና ግድግዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች አስነበበችው። ትልልቆቹን አነበበ፣ መካከለኞቹን አነበበ፣ ከመጨረሻዎቹ ፊት ቆመ፤ ትንሽ ታገለ፣ አነበባቸው።

«ጠርዙ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል» አለች ዶክተሯ፤ «ማየት አይከለክልዎትም። ግን ይህ ዓይን ስሜቱ ቀንሷል። ብናኝ ቢገባ ላይሰማዎት ይችላል። ስለዚህ መነጽር፣ ከመነጽሩም በላይ ጭምብል። ትንሽ ከቀላ ወይ ከደበዘዘ ደግሞ በዚያው ቀን እዚህ። ዓይንዎን ያተረፉልዎት ባለቤትዎ ናቸው፤ ሌላ ሁለት ሦስት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።»

ቤት ሲደርሱ ቀጥታ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ። ጥቁሩን መጋረጃ ገለጠ፣ ብርሃኑ ገባ። ግራ ዓይኑን በመዳፉ ከድኖ በቀኙ ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ተከተለው።

«አንቺ ሴትዮ» አለ፤ «ይሄ እኮ ጠማማ ነው።»

ጠማማ ነበር። በጥድፊያ የሰፋችው፣ በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ስፌት ሰፍታ አታውቅም፤ ደንበኛ ቢያየው ትሞት ነበር። አሁን ግን በሳቅ ፈረሰች፣ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ እሱም ያቺን ጠማማ ስፌት እንደያዘ አብሯት ሳቀ። መጋረጃው እስከ ዛሬ እንደተሰቀለ ነው፤ ላስተካክለው ብትል አይፈቅድላትም።

ወደ ብየዳ ቤት የተመለሰ ቀን አብራው ሄደች። መነጽሩን ይዣለሁ ብላ ነው፤ እውነቱ ግን ልታይ ነው የሄደችው። ሠራተኞቹ ተሰልፈው ጠበቁት። ጭምብሉን ደፍቶ ገባ፤ መሃል ወለሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ባለቤቱ ምን እንደሚል የምታውቅ መሰላት፦ ብየዳ አልመታኝም። እውነትም ነው። ዶክተር መስክራለታለች። ኩራቱ ሳይነካ መቀጠል ይችላል።

ጭምብሉን በገዛ እጁ አነሳ። ግንባሩ ላይ ጠባሳው ይታያል፣ እስከ መሃል ድረስ። ቀኝ ቅንድቡ ሳስቷል።

«እዩኝ» አለ። «ሐኪሟ ብየዳ አይደለም ብላለች። እኔ ግን ብየዳ መስሎኝ ነው የደበቅኩት። ድንች እንዳትሉኝ ፈርቼ ዓይኔን ላጣ ነበር። ብየዳ ቢሆንስ? እሱም ቢሆን መደበቅ አልነበረብኝም። ይሄን ስም ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው።»

ረጅሙ ወደ ዕቃ ሳጥኑ ሄደ፣ ከመዶሻዎቹ ሥር ላስቲክ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ውስጡ ድንች አለ። ሌላውም ወደ ሳጥኑ ሄደ። ሦስተኛው ከካፖርቱ ኪስ አወጣ። ጠረጴዛው ላይ ድንች ተከመረ፤ አዲሱም፣ የበቀለውም፣ የጠወለገውም።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?» አለ ጋሽ ጭምብል።

«የኛ ነው፣ ጋሼ» አለ ረጅሙ አንገቱን ደፍቶ። «እዚህ ቤት ዓይን አይመታም ሲሉ… እኛ ማታ ቤታችን እየሄድን ነበር የምንመታው።»

ሰውየው ድንቹን አየ፣ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አየ። ባለቤቱ አሁን ይቆጣል ወይም ያለቅሳል ብላ ጠበቀች። «እኔን ብሎ አስተማሪ!» አለና ሳቀ፤ ሌሎቹም እሱን አይተው ሳቁ። ከዚያ አንዷን ወንበር አንስቶ በሩ አጠገብ ብርሃን በሚበዛበት አስቀመጣት። «ዓይኑን ያመመው እዚህ ይቀመጣል። እኔ ራሴ ሐኪም ቤት አደርሰዋለሁ። የሚስቅ ካለ መጥረጊያው ያውና።»

ወንበሯ ባዶዋን አልቆየችም፤ መጀመሪያ የተቀመጠባት ረጅሙ ነው። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ጭምብል እጁን ታጥቦ አብሮት ወጣ።

መጋረጃ ሰፊዋ ዛሬም በመኪናዋ ፊት ወሬ አታቋርጥም። በዚያ ሰሞን አንዲት የቆየች ደንበኛ መጥታ ነገር ፍለጋ መሰል «ያ ባልሽ፣ ብየዳ መትቶት አያውቅም ትይ የነበረው፣ ፊቱን ምን ነካው?» አለቻት።

«አልማዝ ባለጭራ ነው» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «እንደሱ ማለቱንማ ትቼዋለሁ። የኔ ባል በሰው ሁሉ ፊት ጭምብሉን አንስቶ ቆሟል።»